ማርስ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዛ ለምን ትቀዘቅዛለች?

ጥያቄ፦ «የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ነኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን እንደሚያሞቅ ሳስረዳ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ‹ቲቸር፣ ከአየሩ 0.04 በመቶ ብቻ ነው ብለውናል። ማርስ ላይ 95 በመቶ ነው፤ ማርስ ግን በረዶ ናት። ቬነስ ደግሞ የምትሞቀው ለፀሐይ ስለቀረበች ነው። ታዲያ ይሄ ጋዝ ምኑን ነው የሚያሞቀው?› አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ‹በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ› ብዬ አለፍኩት። ምክንያቱ ኦዞኑን ስለሚያሳሳው ይሆን? በሁለት ጠርሙስና በአምፖል የሚሠራውን ሙከራ ባሳያቸውስ ይበቃል?»

መልስ፦ የልጁ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ስህተት አለበት፤ ግን ቁጥር አይቶ ያሰበ ሰው ስህተት ነው። ይልቅ የእርስዎ ሁለት ሐሳቦች አሳስበውኛል፤ ከእነሱ ልጀምር።

ኦዞኑን ከዚህ ወሬ ሙሉ በሙሉ ያውጡት። የኦዞን ንጣፉን ያሳሳው በፍሪጅና በስፕሬይ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባ የነበረው ሲኤፍሲ የሚባል የጋዝ ቤተሰብ ነው። ለዚያ ችግር በ1987 ሞንትሪያል ላይ ስምምነት ተፈርሞለታል (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ንጣፉም ቀስ እያለ እያገገመ ነው። ኦዞን ሲሳሳ የሚገባው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ የሚጎዳውም ቆዳንና ዓይንን ነው። «ኦዞኑ ተቀደደ፣ ፀሐይ ገባች፣ ምድር ሞቀች» የሚለው ነገር በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ስለኖረ ዛሬም ሬዲዮ ላይ እሰማዋለሁ። የእኛ ጉዳይ ከሚገባው ብርሃን ጋር አይደለም። ከሚወጣው ሙቀት ጋር ነው።

የጠርሙሱን ሙከራ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ አይግዙ።

የማንኛውም ፕላኔት ሙቀት የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። ገቢው የፀሐይ ብርሃን ነው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ሙቀትም አለ፤ ኤርታሌን ያየ ሰው ብዙ ይመስለዋል። በምድር ገጽ ሁሉ ሲካፈል ግን ለአንድ ካሬ ሜትር የአንድ ዋት አንድ አስረኛ እንኳ አይደርሰውም። ወጪው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ኢንፍራሬድ ጨረር፣ ማለትም የሞቀ ነገር ሁሉ የሚለቀው የሙቀት ጨረር። ህዋ ባዶ ስለሆነ ሙቀትን በነፋስ ወይም በንክኪ የሚቀበል ጎረቤት የለም። ገቢው ከወጪው ከበለጠ ፕላኔቷ ትሞቃለች። ስትሞቅ ብዙ ጨረር ትለቃለች። ሁለቱ እስኪተካከሉ ድረስ እንዲሁ ትቀጥላለች። የተካከሉበትን ነጥብ ነው የሙቀት ሚዛን የምንለው።

ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው። በምድር ርቀት ላይ ለፀሐይ ፊት ለፊት የቆመ አንድ ካሬ ሜትር 1,361 ዋት ያገኛል። ምድር ድቡልቡል ስለሆነችና ግማሿም ሁልጊዜ ሌሊት ስለሆነ ለአራት ይካፈላል፤ 340 ዋት ይመጣል። ከዚህ 30 በመቶው በደመና፣ በበረዶና በአሸዋ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የሚቀረው 240 ዋት ገደማ ነው። አንድ አካል ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትሩ 240 ዋት ለመልቀቅ ምን ያህል መሞቅ አለበት? የአንድን አካል ሙቀት ከሚለቀው ጨረር ጋር የሚያያይዘው የስቴፋን ቦልትዝማን ሕግ መልሱን ይሰጣል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ። የምድር ገጽ አማካይ ሙቀት ግን ከዜሮ በላይ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። 33 ዲግሪ ትርፍ አለ። ልጁ ሙቀት አማቂ ጋዝ የሚባለውን ነገር ካላመነ፣ ይህን 33 ዲግሪ ከየት እንደሚያመጣው ይጠይቁት።

ኢንፍራሬድ በዓይን ስለማይታይ ለተማሪ የወረቀት ነገር ይሆንበታል። ደገኛ ግን ሳይማር ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ ይጥላል። ማታ ለምለም የነበረ ባቄላ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ሐምሌ ላይ ደመናው ተኝቶበት ሲያድር ግን ቀኑ የቱንም ያህል ቢበርድ ውርጭ አይጥልም። መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደረቅና ጥርት ያለ ሰማይ የሚመልስላት ትንሽ ነው። ደመናና እርጥብ አየር ግን ብዙ ይመልሱላታል።

መካኒኮች የሞተር ሙቀት የሚለኩበት፣ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አለ። አንድ የታኅሣሥ ሌሊት በረንዳዬ ላይ ሆኜ ወደ ሰማይ አነጣጠርኩት። ጥርት ያለው ሰማይ ከዜሮ በታች ሃያዎቹ ውስጥ ተነበበ። ጥግ ላይ የነበረች ደመና ላይ ሳደርገው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ትምህርት ቤታችሁ አንድ ካለው ማታ ላይ ይሞክሩት። ኮቪድ ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ግን አይሆንም፤ እንዲህ ዝቅ ያለ ሙቀት አያነብም። ቀን ላይ ከሞከሩትም ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩት። አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ። ይህ መሣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዘውን የጨረር ዓይነት እንዳያይ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ የሚያሳያችሁ በዋናነት የውሃ እንፋሎትንና የደመናን ሥራ ነው። ሰማይ ሙቀት እንደሚመልስ ለማሳየት ይበቃል። «ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለካነው» ለማለት አይበቃም።

አሁን ወደ 0.04 በመቶው። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋው ደግሞ አርገን ነው። የመስኮት መስታወት ለብርሃን እንደሆነው ሁሉ እነዚህም ለኢንፍራሬድ እንዲሁ ናቸው፤ ያሳልፉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሁለት አንድ ዓይነት አተሞች የተጣመሩባቸው ሞለኪውሎች ናቸው። ቢርገበገቡ እንኳ ጨረሩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ጫፍ የላቸውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሦስት አተም ነው። መሃሉ ላይ እንደ ቀስት ይታጠፋል። ሲታጠፍ የሞገድ ርዝመቱ 15 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነውን ኢንፍራሬድ ይውጣል። ምድር ሙቀቷን አብዝታ የምትለቀው ደግሞ ከዚሁ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለዚህ መቶኛው የተሰላው በዚህ ጉዳይ ምንም ሥራ ከሌላቸው ጋር ተደባልቆ ነው።

መቶኛውን ትተው በኪሎ ይቁጠሩት። ባሕር ጠለል ላይ ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ያለው አየር 10 ቶን ያህል ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ6 ኪሎ በላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች 5 ኪሎ ገደማ ይደርሳታል። ይህ ጋዝ ለብቻው ተለይቶ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ከመማሪያ ክፍላችሁ ወለል እስከ ጣሪያ እንደማለት ነው። 15 ማይክሮሜትር ላይ ያለ ጨረር ይህን አልፎ መውጣት አይችልም። «ትንሽ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያበቃል።

ግን «ይይዘዋል» ማለት ብቻውን አይበቃም። መምህራን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ሙቀቱ ወደ ህዋ የሚወጣው ከየት ነው? ብዙ ሰው «ከመሬት» ይላል። ከመሬት በቀጥታ የሚያመልጠው ግን ጥቂቱ ነው። ሌላው ትንሽ ከፍ እንዳለ በውሃ እንፋሎት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይያዛል። የያዘው ሞለኪውል ለራሱ አያስቀረውም። ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጋጨ ያካፍላቸዋል። የሞቀው አየርም መልሶ ወደ ላይም ወደ ታችም ጨረር ይለቃል። ወደ ላይ የሄደው እንደገና ይያዛል። እንዲህ እየተቀባበሉት ይወጣል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ግን የሆነ ከፍታ ላይ ከበላይ ሆኖ የሚይዝ በቂ ጋዝ ይጠፋል። ጨረሩ ለመጨረሻ ጊዜ የሚያመልጠው ከዚያ ነው። ይህን «መውጫው» እንበለው። ለምድር በአማካይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ።

ወደ ላይ ሲወጡ እንደሚበርድ ለኢትዮጵያ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ሸዋሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። መሃላቸው ከ1,800 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በዓለም አማካይ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። አሁን ሒሳቡን ያገናኙት። መውጫው ላይ ያለው ሙቀት 240 ዋቱን ለመልቀቅ የሚበቃው ነው፤ ከዜሮ በታች 18። ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሲወርዱ 5 ጊዜ 6.5፣ ወደ 33 ዲግሪ ይጨምራል። መሬት ላይ ሲደርሱ 15 ዲግሪ። የጎደለው 33 ዲግሪ እዚህ ተገኘ።

አሁን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምሩ። ጋዙ ሲበዛ በፊት በቂ ጋዝ ያልነበረበት ከፍታም መያዝ ይጀምራል። መውጫው ወደ ላይ ይሸሻል። ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ያነሰ ጨረር ነው የሚለቀው። የፀሐይ ገቢ እንዳለ ነው፤ ወጪው ግን ቀነሰ። ሒሳቡ ተዛባ። ትርፉ ምድር ላይ ይከማቻል። ባሕሩ፣ አየሩ፣ መሬቱ ይሞቃል፤ አዲሱ መውጫ እንደገና 240 ዋት እስኪለቅ ድረስ። ጋዙ እጥፍ ቢሆን መውጫው በአማካይ 150 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 150 ሜትር በ6.5 ዲግሪ ሲባዛ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። እጥፉ ጋዝ ብቻውን፣ ሌላ ነገር ሳይከተለው፣ የሚያመጣው ሙቀት ይሄው ነው።

ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣበትን ልንገርዎ። «ያለው ጋዝ 15 ማይክሮሜትሩን ሙሉ በሙሉ ከያዘው፣ ተጨማሪው ምን ይሠራል? ሞልቷል እኮ!» ይልዎታል። ይህ ተቃውሞ የቆየ ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን ምን ያህል እንደሚያሞቅ በ1896 የመጀመሪያውን ሒሳብ ካወጣ በኋላ፣ በ1900 የአገሩ ልጅ ኦንግስትሮም ቤተ ሙከራ ውስጥ በቱቦ ለክቶ ይህንኑ አነሳ። ለአሥርተ ዓመታትም ብዙ ሳይንቲስት አምኖት ኖሯል። ስህተቱ ከባቢ አየርን እንደ አንድ የተዘጋ በር ማየቱ ነው። ታች ያለው አየር መሙላቱ እውነት ነው። ወሳኙ ግን ላይኛው ስስ አየር ነው፤ እዚያ አልሞላም። በ15 ማይክሮሜትር ግራና ቀኝ ያሉት ጠርዞችም ገና ክፍት ናቸው። እርግጥ ነው፣ ጭማሪው እየደከመ ይሄዳል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ280 ወደ 560 ሲያድግ ያለው እጥፍ የሚያመጣው ሙቀት፣ ከ560 ወደ 1,120 ያለው ከሚያመጣው ጋር እኩል ነው። እየደከመ መሄድና መቆም ግን አንድ አይደሉም።

ወደ ማርስ እንሂድ። የተለመደው መልስ «95 በመቶ ቢሆንም የማርስ አየር ስስ ስለሆነ ጋዙ ትንሽ ነው» የሚል ነው። ይህን አይበሉ። የማርስ የአየር ግፊት ከምድር ግፊት 1 በመቶ እንደማይሞላ እውነት ነው። በኪሎ ስንቆጥረው ግን በማርስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 150 ኪሎ ያህል ነው። ከእኛ ከ20 እጥፍ በላይ! ልጁ ይህን ሒሳብ ቢሠራው ኖሮ ይበልጥ ያፋጥጥዎት ነበር።

ታዲያ ለምን አልሞቀችም? አንደኛ፣ ገቢዋ ትንሽ ነው። ከፀሐይ ከምድር 1.5 እጥፍ ርቃ ስለምትገኝ በካሬ ሜትር የሚደርሳት 590 ዋት ገደማ ነው። ለአራት ተካፍሎ፣ የሚንጸባረቀው ሲቀነስ 110 ዋት ይቀራታል። ይህ ከዜሮ በታች 63 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይጥመኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨረር የሚይዘው በብዙ ሺህ ቀጫጭን መስመሮች ነው። ምድር ላይ እያንዳንዱ ሞለኪውል በናይትሮጅንና በኦክስጅን ያለ ዕረፍት ይገፋል። ይህ ግፊያ መስመሮቹን ያሰፋቸዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ይገጥምና ክፍተቱ ይደፈናል። ማርስ ላይ የሚገፋ የለም። መስመሮቹ ቀጭን እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ጨረሩ በመሃላቸው ያልፋል። ወንፊቱን ያስቡት፤ ክሩ ሲወፍር ቀዳዳው ይጠባል፣ ክሩ ሲቀጥን ዱቄቱ ያልፋል። «ሥራ የላቸውም» ያልኳቸው ናይትሮጅንና ኦክስጅን ለካ በዚህ በኩል ያግዛሉ። ሦስተኛ፣ ማርስ ላይ የውሃ እንፋሎት የለም ማለት ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማይነካቸውን ሰፊ የኢንፍራሬድ ክፍሎች የሚዘጋላት የለም። ስለዚህ አብዛኛው ሙቀቷ በቀጥታ ከመሬቷ ያመልጣል። መውጫዋ መሬቷ ላይ ነው ቢባል ብዙ ውሸት አይደለም። ጋዙ የሚጨምርላት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ቬነስ ላይ ልጁ በጣም ተሳስቷል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም፣ መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ ያስመስለዋል። ቬነስ ለፀሐይ ቅርብ ናት፤ 2,600 ዋት ይደርሳታል። ነገር ግን ፕላኔቷ ሙሉ በሙሉ በሰልፈሪክ አሲድ ደመና የተሸፈነች ናት። ከሚደርሳት ብርሃን ሦስት አራተኛውን ትመልሰዋለች። ለአራት ያካፍሉት፣ ሩቡን ይውሰዱ፤ 160 ዋት ገደማ። ምድር 240 ነው የምትወስደው። ቬነስ ከእኛ ያነሰ ፀሐይ ነው የምትጠቀመው! በሒሳቡ መሠረት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ መሆን ነበረባት። ገጿ ላይ ያለው ሙቀት ግን 464 ዲግሪ ነው። እርሳስ የሚቀልጠው 327 ላይ ነው። ሶቪየቶች በ1982 ያሳረፉት ቬኔራ 13 እዚያ 127 ደቂቃ ብቻ ሠርቶ ዝም አለ። ሜርኩሪ ደግሞ ከቬነስ ይልቅ ለፀሐይ በጣም ትቀርባለች፤ በቀን እንኳ 430 ገደማ ነው፣ ሌሊቷ ከዜሮ በታች 180 ይወርዳል። አየር የላትማ።

ልዩነቱን የሚያመጣው ያው መውጫው ነው። የቬነስ አየር 96.5 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ግፊቱም ከምድር 90 እጥፍ ይበልጣል። ጨረሩ የሚያመልጠው ከደመናው ጫፍ፣ 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ታች በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ ከ7 ዲግሪ ትንሽ በላይ ይጨምራል። አባዙት፣ 40ውን ቀንሱ፤ ወደ 460 ትጠጋላችሁ። ለምድር የሠራው ሒሳብ ለቬነስም ሠራ። ሁሉም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥራ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ደመናውና ሌሎች ጋዞችም ድርሻ አላቸው።

«ግፊቱ ራሱ ነው የሚያሞቃት» የሚል ሰውም አይጠፋም። በብስክሌት ፓምፕ ጎማ ሲነፋ ፓምፑ ይግላል፤ እውነት ነው። ግን ትናንት የተነፋ ጎማ ዛሬ ትኩስ ነው? ሲታመቅ የመጣው ሙቀት ወጥቶ ሄዷል፣ ግፊቱ ግን እዚያው አለ። ቬነስም ከተፈጠረች ብዙ ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል።

ምድር ቬነስ ትሆናለች ብለው ግን ተማሪ እንዳያስፈራሩ። አትሆንም። የምድር ካርቦን አብዛኛው ድንጋይ ውስጥ ተቆልፏል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ያ ነው፤ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ካርቦን። በዓለም ያለው ሁሉ ወደ አየር ቢመለስ ከቬነስ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ ይሆን ነበር። ያለንን ከሰልና ነዳጅ ሁሉ ብናቃጥል ግን ወደዚያ አንደርስም። የምንደርስበት ቦታ ለሰው፣ ለማሳና ለባሕር ዳርቻ ከተማ ክፉ መሆኑ በቂ ነው፤ ቬነስን መጥራት አያስፈልግም።

የምድርን የዛሬ ሒሳብ በአጭሩ። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ገደማ ደርሷል። በ2024 ከ420 አልፏል። ይህ ጭማሪ ብቻውን ወጪያችንን በካሬ ሜትር ከ2 ዋት በላይ ይቀንሳል። 2 ዋት ቀልድ ይመስላል፤ የገና ዛፍ አምፖል። በእያንዳንዱ የምድር ካሬ ሜትር፣ ቀንና ሌሊት፣ ለአሥርተ ዓመታት ሲበራ ግን ሌላ ነው። ትርፉ ሙቀት 90 በመቶው ባሕር ውስጥ ነው የገባው።

እጥፉ ብቻውን 1 ዲግሪ ገደማ ያመጣል ብዬ ነበር። የሚጠበቀው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ምክንያቱ የውሃ እንፋሎት ነው። «ዋናው ሙቀት አማቂ እኮ ውሃ ነው» የሚል ካለ ልክ ነው፤ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ የእሱ ነው። ነገር ግን ውሃ ራሱን አያዝም። በበዛ ጊዜ በ10 ቀን ገደማ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። አየር የሚሸከመው እንፋሎት በሙቀቱ ይወሰናል፤ በ1 ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይዘንብም። ትንሽ ያሞቃል፣ እንፋሎት ይጨምራል፣ እንፋሎቱ ደግሞ ያባብሳል። ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በ1991 ፈንድቶ ዓለምን ግማሽ ዲግሪ ያህል ሲያቀዘቅዛት፣ የአየሩ እንፋሎትም እንደተጠበቀው ቀንሶ ታይቷል። በረዶና ደመናውም ተጨምሮ የእጥፉ ውጤት ወደ 3 ዲግሪ ይገመታል፤ ከ2.5 እስከ 4 ባለው ውስጥ። የዚህ ስፋት ትልቁ ምክንያት ደመና ነው። ደመና በአንድ በኩል ፀሐይ ይከልላል፣ በሌላ በኩል ሙቀት ይይዛል፤ ለስሌት አስቸጋሪ ነው።

«ፀሐይዋ ብትሆንስ?» ለሚል አንድ ማስረጃ ይበቃል። ፀሐይ ብትበረታ ኖሮ አየሩ ከታች እስከ ላይ መሞቅ ነበረበት። የተለካው ግን ታችኛው አየር ሲሞቅ፣ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው የአየር ንጣፍ ሲቀዘቅዝ ነው። ማናቤና ዌዘራልድ የተባሉ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ይህን በ1967 ቀድመው አስልተውታል። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ነው።

የዚህ ሒሳብ ገደብም አለው። የፕላኔትን አማካይ ሙቀት ይነግራል። የወሎን የዘንድሮ ክረምት አይነግርም። እያንዳንዱን ድርቅ በቀጥታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ከለጠፉ ተማሪው ነገ ይይዝዎታል፤ በ2015 ክረምቱን ያበላሸው በዋናነት ኤልኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ነበር።

አሁን ክፍል ውስጥ ምን ያድርጉ? ሦስት መንገድ አለ። የጋቢው ምሳሌ የመጀመሪያው ነው። ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም፣ እንዳይወጣ ያዘገያል፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። ለ5ኛ ክፍል በቂ ነው። ለ11ኛ ግን «ጋቢው ሞልቷል» የሚለውን ተማሪ አይመልስም። ጋቢ የሚያግደው ነፋስን ነው፣ ጋዙ ግን ጨረርን።

ሁለተኛው ጠርሙሱ ነው። አያድርጉት። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ያወጡት ጋዝ የሞላበት ጠርሙስ አምፖል ሥር ሲቀመጥ ይበልጥ መሞቁ አይቀርም። ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በጠርሙሱ ውስጥ የሚዘዋወርበት መንገድ ይለያል፤ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ጨረር የማይይዝ ከባድ ጋዝ፣ ለምሳሌ አርገን፣ ቢሞሉበትም ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 በመስታወት ሲሊንደርና በፀሐይ ይህን የመሰለ ሙከራ ሠርታለች። ከዚያ ተነስታ ጋዙ ምድርን ሊያሞቅ እንደሚችል መገመቷ ትልቅ ነገር ነው። ኢንፍራሬዱን ለይቶ የለካው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል ነው፤ እሱም ሌላ ዓይነት መሣሪያ አስፈልጎታል። ትክክለኛ መደምደሚያን በተሳሳተ ሙከራ ካሳዩ፣ ያ ጎበዝ ልጅ አንድ ቀን ሙከራውን ያፈርሰዋል፤ መደምደሚያውንም አብሮ ይጥለዋል።

ሦስተኛውን ይውሰዱ፤ የሦስቱን ፕላኔቶች ሒሳብ። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ሦስት ዓምድ ያስምሩ፤ ምድር፣ ማርስ፣ ቬነስ። የደረሳት ዋት፣ ያንጸባረቀችው፣ የቀራት፣ በሒሳብ የሚገባት ዲግሪ፣ በእውን ያላት ዲግሪ። የምድርን እርስዎ ይሥሩላቸው፣ መውጫውንና ጣርማ በርን አብረው ያሳዩዋቸው። የቬነስን አይሥሩ። ጠመኔውን ለዚያ ልጅ ይስጡትና 160 ዋቷን ራሱ ያውጣ። ለፀሐይ የቀረበችው ፕላኔት ከምድር በታች መሆኗን ሰሌዳው ላይ ሲያይ፣ ቀጣዩን ጥያቄ እርስዎ ሳይሆኑ እሱ ነው የሚጠይቀው።